የተቀያየመ ጽዋ አይቀምስም

ማኅበራችን የኪዳነ ምሕረት ነበር። ወር በገባ በአሥራ ስድስት፣ ተራው በደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ የተሞላው ጽዋም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የማኅበሩ መሪ እንደ ደንቡ ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሁልጊዜ ብድግ ይሉና፣ «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለ፣ ሁለቱ ወደ ጓሮ ወጥተው ይነጋገራሉ፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው ይመለሳሉ። ሳይታረቅ የሚቀምስ የለም። ይህን አስቀድሜ የማስረዳው ያለምክንያት አይደለም፤ ያን ሰሞን የደረሰብኝ ነገር ሁሉ በዚህች ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ቀበና አካባቢ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አዲስ አስተማሪ ነኝ፤ ሰሌዳውን ሙሉ የዓለምን ካርታ ስዬ በባለቀለም ጠመኔ አገሮቹን በየጎራቸው መለየት እወዳለሁ። የምሥራቁ ጦርነት አብቅቶ የሰሜኑ በርትቷል። ከተማው ውስጥ መንገድ ዳር ሬሳ መታየቱ ቀርቷል፤ እኛ ግን መንገድ ዳር ማየታችን አልቀረም። ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ መጀመሪያ ከኋላው ማን እንዳለ ገልመጥ ብሎ አይቶ ነበር። መምህር ሆኖ ማኅበር መጠጣትም ራሱ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነው፤ በትምህርት ቤት የምናስተምረው ዓለም ፈጣሪም ጽላትም የለውም።

የማኅበሩ ሰዎች እኔን የሚወዱኝ ለዜና ነው። በሬዲዮ የሚሰሙትን «ኢምፔሪያሊዝም»፣ «የሶሻሊስቱ ጎራ» የሚባለውን ሁሉ አቃልዬ እነግራቸዋለሁ። አንድ ወር ተራው ወደ እንጦጦ ወገብ የወጣ ቤት ላይ ደረሰ። ከበረንዳው ቁልቁል ሲያዩ የታላላቆቹ መንግሥታት ኤምባሲዎች፣ በረጅም አጥር የተከበበ ጫካቸውን ይዘው ተኝተዋል። ሙሴው በጣታቸው ወደዚያ እያመለከቱ፣

«እስቲ መምህር፣ እነዚህ ሰዎች የሚጣሉት በምንድን ነው? እኛስ መሐላቸው ምን እንሠራለን?» አሉኝ።

እኔም አስረዳሁ። «ከምሥራቁ ጦርነት በፊት ለእኛ ጠመንጃ የሚሰጠን አሜሪካ ነበር፤ ለሶማሊያ ደግሞ ሶቭየት። ከዚያ እኛ ወደ ሶቭየት ዞርን፤ ሶማሊያም ሶቭየቶቹን አባርራ ወደ አሜሪካ ዞረች። ምድረ በዳው ያው፣ የሚሞተውም ልጅ ያው። ዱላ አቀባዮቹ ተቀያየሩ እንጂ ተፈንካቾቹ እኛው ነን።»

«ክርስቲያንስ ከየትኛው ዱላ አቀባይ ጋር ይቁም?» አሉ ሙሴው።

«ጌታ ጴጥሮስን ሰይፍህን ወደ ሰገባው መልስ አለው እንጂ፣ የተሻለ ሰይፍ ከየት እንደሚገኝ አልነገረውም» አልኩ። በመልሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከአባሎቻችን አንዷ ጠላ እየጠመቁ የሚተዳደሩ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ነበሩ፤ አንድ ልጃቸው ለሰሜኑ ግንባር ተወስዶባቸዋል። እጃቸውን አጨበጨቡና፣ «ታዲያ ሚዜ ተለዋወጡ በለና! ሙሽሮቹ ሲደባደቡ ሚዜዎቹ ጮማ ይቆርጣሉ!» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጃቸው ግንባር ያለ ሰው እንዲህ ሲቀልድ ሳቁ ከሆድ ነው የሚወጣው።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። በቅርቡ የገባ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር። ካኪ ጃኬት ይለብሳል፤ ላንድሮቨሩን ከታች ድልድዩ ጋ አቁሞ በእግሩ ይወጣል። ለምን እስከ በሩ እንደማይነዳ ጠይቀን አናውቅም፤ ሁላችንም ግን አስተውለናል።

በሚቀጥለው ወር፣ ማኅበሩ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቀበሌ ተጠራሁ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ወጣት በትህትና ወንበር ሰጠኝና፣

«ጓድ መምህር፣ ሚዜ ተለዋወጡ ያለው ማነው?» አለኝ።

ያቺ ቃል ከዚያ ቤት ግድግዳ ወጥታ ከእኔ ቀድማ እዚህ ተቀምጣለች።

«አላስታውስም።»

«ማን ማን ሳቀ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም ማየት ጀመርኩ።

«ጊዜ አለህ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተመለስ፤ እስከዚያ ታስታውሳለህ። እዚህ መምጣትህን ለማንም እንዳትናገር።»

ቤቴ ገብቼ ነገሩን እንደ ልማዴ በመልክ በመልኩ ደረደርኩት። ስለ ጴጥሮስ ሰይፍ አልጠየቀኝም፤ ስለዚህ የነገረው ሰው ወንጌል ብዙም የማያስታውስ ነው። ስለ ሳቅ ጠየቀኝ፤ ስለዚህ የነገረው ሰው ራሱ አልሳቀም። ሁለቱም መንገድ ወደ ሹፌሩ ይወስዳል። የእትዬን ስም ብናገር ምን እንደሚገጥማቸው አላውቅም፤ ላለመናገር ብሞክር ምን እንደሚገጥመኝም አላውቅም። ማኅበሩን ልቅር ብዬ አሰብኩ። ግን የቀረ ሰው ደግሞ የሚጠረጠረው እሱው ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሙሴው ተነሡ። «የተቀያየመ አለ?»

ጽዋው ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። አንሥቼ ልቀምስ አልኩና እጄ እምቢ አለ። ለጎረቤቴ አሳለፍኩት።

ጽዋ ማሳለፍ ክስ ነው።

«መምህር፣ ታመሃል?» አሉ ሙሴው።

«ደኅና ነኝ አባባ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው?»

ብናገር ቀበሌ መጠራቴ ሊወጣ ነው። ዓይኔ ግን ሳላዘው ሄደ። ሹፌሩ ካኪውን እያራገፈ ተነሣ። «ከኔ ጋር ነው አባባ። እንውጣ።»

እትዬ ከኋላችን፣ «ውይ! እነዚህ ደግሞ መቼ ተዋውቀው ነው የተጣሉት?» ሲሉ ሰማሁ።

ጓሮ ኮሽም አጥር ሥር ቆምን። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነጋሪው እኔ ነኝ ብለህ ጠርጥረሃል።»

«ምኑን?»

«ተው እንግዲህ። ሰኞ አይደል የተቀጠርከው?»

ሰኞ መሆኑን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። «ማን ነገረህ?»

«እኔም ሰኞ ነኛ! ጠዋት። ማን ሳቀ፣ ማን ሚዜ አለ፣ ተብያለሁ።» ትክ ብሎ አየኝ። «እኔ ደግሞ አንተ ነህ ብዬ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አፉን የሚከፍት ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ሌላውን ለማናገር የተላከ ነው። የተማረ ሰው ይሞኛል ብዬ አልገመትኩም።»

«አንተ ግን አልሳቅህም።»

«ለዚህ ነዋ ያልሳቅሁት!»

ሊያስቀኝ ምንም አልቀረውም፤ ግን ይህም ብልጠት ቢሆንስ?

«ሰኞ ምን ልትል ነው?» አልኩት።

«አንተ ምን ልትል ነው?»

«አንተ ጀምር፤ ጠዋት የምትገባው አንተ ነህ።»

«አንተ ጀምር፤ ወሬውን የጀመርከው አንተ ነህ።»

ተፋጠጥን። በክፍል ውስጥ ስለ ኒውክሌር መሣሪያ ሳስተምር፣ አንዱ ሌላውን ስለሚፈራ ያከማቻል፣ ሌላው የተከማቸውን አይቶ ይፈራል እላለሁ። ተማሪዎቹ «ታዲያ ማን ይጀምር ቲቸር?» ሲሉኝ «ታሪክ ይፈርዳል» ብዬ ደወል እጠብቃለሁ። እዚያ ኮሽም ሥር ደወል አልነበረም። ከውስጥ የሙሴው ድምፅ መጣ፦ «ታረቃችሁ ወይስ ዳቦው ይድረቅ?»

«ሚዜ ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ» አልኩት። «የሳቀውን አላየሁም እላለሁ።»

ይህን እንደተናገርኩ አንገቴን ለሰውየው እንዳበደርኩት ታወቀኝ። ጠዋት ገብቶ ያዘጋጀሁትን ውሸት አስቀድሞ ሊሰጣቸው ይችላል። የካኪውን አዝራር ቆለፈና፣ «እኔ ጆሮዬ በሞተር ድምፅ ደንቁሯል። ምንም አልሰማሁም» አለ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ከልቤ ነበር? ግማሹ። ግማሹ የእሱን ፊት ሲያነብብ ነበር። ገብተን ከአንዱ ጽዋ ቀመስን፤ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ እኔ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ዛሬም ወንበር ሰጠኝ። ፈገግ ብሏል።

«ሹፌሩ ጠዋት ሁሉንም ነግሮናል። ስም በስም። ያንተ ማረጋገጫ ብቻ ነው የቀረው።»

እንደ ልማዴ ልደረድረው ሞከርኩ። ሁሉን ከተናገረ እኔን ለምን ይፈልጉኛል? ግን እውነትም ለማረጋገጫ ሊሆን ይችላል። ካልተናገረ ይህ ወጥመድ ነው፤ ከተናገረም መዋሸቴ ነው ወጥመዱ። ስሌቱ የትም አላደረሰኝም። የቀረኝ ነገር ቢኖር ከተናገርኩ በኋላ በዚያ ጽዋ ፊት ተመልሼ መቆም እንደማልችል ማወቄ ነበር።

«እንግዲያው ስህተት ነግሯችኋል» አልኩ። «ሚዜ ያልኩት እኔ ነኝ። ሳስረዳ እጄን ነው የማየው፤ ማን እንደሳቀ አላየሁም።»

«አንተ?»

«እኔ።»

ፈገግታው ጠፋ። ከውጭ የአብዮት ጠባቂዎቹ የጫማ ድምፅ ይሰማል። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሽከረክር ቆየና፣

«ማስረዳት ትወዳለህ አይደል?» አለ።

«ሥራዬ ነው።»

«ጥሩ። ከነገ ጀምሮ በየምሽቱ እዚህ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለህ። ያለ ክፍያ፣ ያለ ዕረፍት። ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ከፊደል ውጭ አንዲት ቃል እንዳትጨምር፤ እዚሁ ተቀምጬ እሰማሃለሁ።»

በሩን ስወጣ እንኳ ከኋላዬ የሚጠራኝን ድምፅ እጠብቅ ነበር። አልመጣም። ነገሩ እንዲህ መቅለሉም አጠራጠረኝ።

በሚቀጥለው አሥራ ስድስት ተራው የእትዬ ነበር። ከመንገዱ ጀምሬ በራቸው ተከፍቶ እንደሆነ አይ ነበር። ተከፍቷል። እሳቸውም ነጠላቸውን አደግድገው ጠላ ይቀዳሉ። ሹፌሩ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰኞ ጠዋት ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም፤ እኔ ምን እንዳልኩም አልጠየቀኝም።

«የተቀያየመ አለ?» አሉ ሙሴው።

እኔና እሱ ተያየን። «የለም» አልን እኩል።

ጽዋው ዞረ። እትዬ የኔን ዝምታ አልወደዱትም። «መምህር፣ ዛሬ ወሬ የለም እንዴ? ዱላ አቀባዮቹ እንዴት ሰነበቱ?»

«ደኅና ናቸው እትዬ። የሚያስታርቃቸው ሙሴ አላገኙም እንጂ።»

ይህ ሊያስቅ የሚችል አልነበረም። ሹፌሩ ግን ድንገት ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር። ሲስቅ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ ጽዋውን እንደያዘ ዘወር ብሎ ተመለከተው። ላንድሮቨሩን ድልድዩ ጋ ከሚያቆም ሰው ጋር ለመሳቅ የደፈረ ግን አልነበረም።