የፀሐይ ማገዶ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ዕለት ነው። ከብልባላ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ተጉዤ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የጫማዬን አቧራ በቅጠል ጠርጌ ገባሁ። ዳይሬክተሩ አቶ ሲሳይ የምደባ ደብዳቤዬን አንብበው አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ አንድ ዳስተርና የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ አስፈርመው ሰጡኝ።

«ቤተ ሙከራው የት ነው?» አልኳቸው።

«ያውልህ» ብለው በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆሙኝ። ድንጋይና ፀሐይ ያለበት ሜዳ ነው። ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ማዕረጌ ጀማሪ መምህር ነበር። አሁን መሪ መምህር ነኝ፤ በመካከል ያሉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ ወጥቻቸዋለሁ። ያኔ ግን ዲፕሎማ የያዘ ሰው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ጉራዬ ለጉድ ነበር ብል እመኑኝ።

በሁለተኛው ዓመቴ ለስምንተኛ ክፍል የኃይል ምንጮችን ሳስተምር ስለ ፀሐይ ደረስኩ። መጽሐፉ የሰጣት ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሁለት መስመር ለእኔ ምኔ ናት! ከራሴ ጨመርኩበት። የፀሐይን መጠነ ቁስ በኪሎ ጻፍኩ፤ ቁጥር ሁለት ተጽፎ ሠላሳ ዜሮ ይከተለዋል። ዜሮው ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ ልጆቹም አብረውኝ ጮክ ብለው ቆጠሩ።

«ፀሐይ ማለት የሚነድ የከሰል ክምር ናት» አልኩ። አንድ ኪሎ ከሰል የሚሰጠውን ሙቀት ከኮሌጅ ደብተሬ አወጣሁ። በፀሐይ ኪሎ አባዛሁት፤ በየሴኮንዱ ለምትረጨው ኃይል አካፈልኩት። «ከተለኮሰች እስክትጠፋ ሙሉ ዕድሜዋ አምስት ሺህ ዓመት ያህል ነው» ብዬ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ደስ እያለኝ ወጣሁ።

በማግስቱ የሺ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። አባቷ መሪጌታ ጥበቡ የደብሩ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ናቸው። ዓለም ከተፈጠረ ስንት ዓመት እንደሆነ ይዘው፣ ጾሙና በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል በየዓመቱ የሚያሰሉት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ አባቴ ጠይቂ ብለውኝ ነው» አለች። «ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ምናምን ዓመት ሆኗል። ፀሐይ የተፈጠረችው ደግሞ በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነው። በእርስዎ ስሌት አምስት ሺህ ዓመት ብቻ የምትነድ ከሆነ ከጠፋች ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት አልፏታል። ዛሬ ጠዋት ያሞቀችን የማን ፀሐይ ናት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደሜ ፈላ። «ቁጭ በይ! እዚህ ፊዚክስ እንጂ ድጓ አይደለም የምንማረው!» አልኳት። ተቀመጠች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ የሺ ቀረች። በሦስተኛው ቀንም አልመጣችም። አቶ ሲሳይ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«መሪጌታ ‹ለጥያቄ ቁጣ የሚመልስ መምህር ዘንድ ልጄ ሁለት ሰዓት በእግሯ አትሄድም› ብለዋል» አሉኝ። «እሷ ከቀረች ደግሞ ወንዝ ማዶ ያሉት ሴቶች ልጆች ሁሉ ይቀራሉ። ወንዙን ተያይዘው ነው የሚሻገሩት፤ መንገዱን የምትመራቸው እሷ ናት።»

«ስንት ናቸው?»

«ከእሷ ጋር ዘጠኝ። ለመሆኑ ልኩ ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ እሳቸው?»

«አላውቅም» አልኩ። በዚያ ግቢ ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ቅዳሜ ገበያ በሚሄድ አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተቀምጬ ላሊበላ ገባሁ። ጋሽ በላይ ዘንድ ነው የሄድኩት፤ እኔን ራሴን ፊዚክስ ያስተማሩኝ ናቸው። ስሌቴን አሳየኋቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ሒሳብህ ልክ ነው፤ ማገዶህ ነው የተሳሳተው» አሉኝ። «አትፈር፤ የድሮ የፈረንጅ ሊቃውንትም ከሰሉን አስልተው ግራ ገብቷቸው ነበር።» ከአልጋቸው ሥር ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ አወጡና እስከ ምሳ ሰዓት አስረዱኝ። ስወጣም «ያንን ስሌት እንዳታጠፋው። መጀመሪያ እሱን አሳያቸው፣ ከዚያ የት እንደሳትክ ንገራቸው» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ «መሪጌታ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳቸው።

«እኔን ምን አደረግኸኝ? የተቆጣኸው እሷን ነው» አሉ። ቀጥለውም «ነገ ይዣት እመጣለሁ። ከልጆቹ ኋላ እቀመጣለሁ» አሉኝ።

አደረጉት። ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከመጨረሻው ዴስክ ተቀመጡ። የከሰሉን ስሌት እንደገና ጻፍኩ። «ይህ ስሕተት ነው» አልኩ። «የሺ የጠየቀችው ልክ ነበር። የተቆጣሁት ስላላወቅሁ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።» የሺ አቀረቀረች።

ከዚያ አስተማርኩ። ፀሐይ ከሰል የላትም፤ አብዛኛው አካሏ ሃይድሮጅን ነው። ያ ሁሉ መጠነ ቁስ ወደ መሐሏ ይጫናል፤ የገለባ ክምር ሥሩ እንደሚታመቅ ማለት ነው። መሐሏ ላይ ሙቀቱ አሥራ አምስት ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል። እዚያ አራት የሃይድሮጅን ኑክሊየሶች ተዋህደው አንድ ሂሊየም ይሆናሉ። ሂሊየሙ ሲመዘን ግን ከአራቱ ድምር ያንሳል፤ ከሺህ ሰባት እጅ ያህል ይጎድላል። የጎደለው ነው ብርሃንና ሙቀት ሆኖ የሚወጣው።

«እንዲህ ሆና ስንት ዘመን ኖረች?» አሉ መሪጌታ ከኋላ።

«ሊቃውንቱ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ያህል ይላሉ።»

«የእኔን ቆጠራ ልታፈርስ ነዋ!»

«ኧረ ምን በወጣኝ መሪጌታ!»

«ከፀሐይ በፊት ሦስት ቀን አለ። እነሱን በምን ፀሐይ ለክቼ እነግርሃለሁ? የእኔን ለእኔ ተወው። በየሴኮንዱ ስንት ይጎድልባታል?»

«አራት ሚሊዮን ኩንታል» አልኩ በኩራት። ልጆቹ «ወይ ጉድ!» አሉ።

«ስሌቱን በወረቀት ስጠኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። አጥፈው ከካባቸው ሥር ከተቱትና «የሺ፣ ተነሺ» ብለዋት ተያይዘው ወጡ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ማክሰኞ የነየሺ ዴስክ ባዶውን ዋለ። ምሳዬን መብላት አልቻልኩም፤ ዘጠኝ ልጆች በእኔ ጉራ ቤት ሊቀሩ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ደወል ሳይደወል በመስኮት አየኋቸው። እግራቸው ከወንዙ እንደራሰ፣ የሺ ፊት ፊት፣ ስምንቱ ከኋላ። ላሊበላን! ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

የሺ ወረቀቴን መለሰችልኝ። ከእኔ ስሌት ጎን መሪጌታ በግእዝ ቁጥር፣ በቀይና በጥቁር ቀለም እንደገና ሠርተውታል። የእልፍን፣ የአሥር ሺህን ምልክት ደጋግመው፣ አንድም ሳይዘሉ።

«ትናንት ከአባቴ ጋር ይህን ስናሰላ ነው የዋልነው። እሳቸውም ‹ማገዶው ገብቶኛል፤ ሚዛኑ ግን ልክ አይደለም› ብለዋል» አለች። «አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። ወረቀትዎ ላይ ያለው አራት ሺህ ሁለት መቶ ሚሊዮን ኪሎ ለመቶ ሲካፈል አርባ ሁለት ሚሊዮን ኩንታል ነው የሚወጣው።»

አየሁት። የጋሽ በላይ መጽሐፍ አራት ሚሊዮን ቶን ያህል ነው የሚለው። እኔ ለልጆቹ እንዲቀልላቸው ቶኑን ኩንታል ብዬው ቁጥሩን እንዳለ ትቼዋለሁ። አንድ ቶን አሥር ኩንታል መሆኑን ማንም የላስታ ነጋዴ ያውቃል።

ፊቴ ጋለ። ግን አልተቆጣሁም። በስምንተኛ ክፍል ሁሉ ፊት «ሰኞ የነገርኳችሁ ስሕተት ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ» አልኩና ጠመኔውን ለየሺ ሰጠኋት። ሰሌዳው ላይ አካፍላ አሳየች። ከሥሩም እንደ እኔ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

ዘጠኙም የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተቀመጡ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። አዲስ መምህር ሲመጣልን አሳየውና ይህን እነግረዋለሁ፦ ስሕተትህን በተናገርክበት ክፍል፣ በተናገርክበት ድምፅ አርመው።