ካርዱ ላይ ያልተጻፈው ስም

ቺዙሩ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ የለየቻቸው በያዙት ከረጢት ነው። የምትሠራበት ሱቅ ከረጢት ነበር። አላየሁም ብላ ልታልፍ አሰበች፤ ዝናቡ ግን እምቢ አለ። መጠለያው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ሽማግሌው፣ አቶ ኩሜዳ፣ ቀድመዋት ብድግ ብለው እጅ ነሱ። ወደ ሱቋ ሲመጡ ዝናብ እንዳስጠለላቸው ነገሯት፤ አስቸገርኩሽ ብለውም ይቅርታ ጠየቁ። ገና ምንም ሳያስቸግሯት።

ቺዙሩ በኑማታ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው የቪዲዮ ጌም መሸጫ መሥራት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የምትታወቀው በካርዶቿ ነው። ሠራተኞቹ ወደውት የተጫወቱትን ጌም በእጃቸው ጽፈው መደርደሪያው ላይ ይለጥፋሉ፤ የእሷ ጽሕፈት ስለሚያምር ሰው ካርዱን አይቶ ይገዛል። አዲሱ የጎዳና ላይ የመኪና እሽቅድምድም የመጣ ቀን አለቃዋ ካርዱ ለነገ ይድረስ አላት። እሷ ደግሞ ማሸጊያውን እንኳ አልቀደደችም። ከካርቶኑ ጀርባ ትንሽ፣ ኢንተርኔት ላይ ከሚባለው ትንሽ ለቃቅማ ጻፈች፦ «መጫወት ያዋጣል! የሰፈራችን መንገድ አንድ ሳይቀር አለ። እስከ ካራሱዛዋ አናት ይንዱ!» ከሥሩ «የሱቁ ሠራተኛ» ብላ ፈረመች።

አቶ ኩሜዳ በካራሱዛዋ ተራራ መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። የተወለዱትም አናቱ ላይ ነው። የአውቶቡስ መስመሩ ተዘግቷል፤ እሳቸውም በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ልጃቸው ስለለመነቻቸው፣ በጸደይ መንጃ ፈቃዳቸውን መለሱ። ሱቁ መጥተው ካርዱን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፦ እውነት እስከ አናቱ ያስኬዳል? «እንዴታ» አለቻቸው። ጌሙን ከነመጫወቻ ማሽኑ ገዙ።

ቺዙሩ ጌሙን ቤቷ ወስዳ የሞከረችው ከሳምንት በኋላ ነው። ክፉ አልነበረም። የሞተሩ ድምፅ ደረት ያንቀጠቅጣል፣ የባሕሩ ዳር መንገድ ዓይን ያጠግባል። ካራሱዛዋ ግርጌ ስትደርስ ግን መንገዱን ቢጫ አጥር ዘግቶታል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ተራራ ሥዕል ነው። ሦስት ጊዜ ተላተመችበት። በማግስቱ ካርዱን ማንሣት ነበረባት፤ ጌሙ ይሸጥ ነበርና ማን ያንን ተራራ ብሎ ይፈልጋል ብላ ተወችው።

እኚህ ሽማግሌ ናቸው የፈለጉት። አሁን መጠለያው ሥር እንደነገሯት፣ መጀመሪያ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እየነዱ፣ በየቀይ መብራቱ እየቆሙ ሞከሩ። «ስቆም ከኋላ ያለው ሁሉ መጥቶ ይላተምብኛል። እኔው ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው» ብለው ሳቁ። አጥሩ ጋ ሲደርሱም፣ ይሄ ላሸነፈ ሰው ነው የሚከፈተው ብለው ደመደሙ። ስለዚህ መወዳደር ጀመሩ። ይህን ሲነግሯት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ጭነው አንዲት ጭረት ሳያደርሱ የነዱ ሰው ናቸው።

«ትናንት ሰባተኛ ወጣሁ» አሉ። «ሁለት መኪና ገፍቼ ገደል ከትቼ። ለልጄ እንዳትነግሪብኝ።»

ቺዙሩ አንገቷን ደፋች። መንገዱ ያልተከፈተላቸው በራሳቸው ጣቶች ዝግመት መስሏቸዋል። ወደ ሱቁ የሚመጡት ሊከሷት አልነበረም፤ የሚያስተምራቸው ሰው ካለ ሊጠይቁ ነበር።

«ስንቴ ባሸንፍ ነው የሚከፈተው፣ ልጄ?»

ትንሽ ቀርቶዎታል ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል አየችው፤ ከመጣ ደግሞ ተሳፍረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ሄደውም ሲገፉና ሲጋፉ ይከርማሉ።

«አይከፈትም፣ አባባ» አለች። «ከአጥሩ ወዲያ መንገድ የለም። ካርዱን የጻፍኩት ሳልጫወት ነው። ካወቅሁም በኋላ አላነሣሁትም።»

ፊቷ ፍም መሰለ። ማሽኑንም ጌሙንም ተቀብላ ገንዘባቸውን እንደምትመልስላቸው፣ ካርዱንም ዛሬውኑ ቀድዳ እንደምትጥለው ወደ ጫማዋ እያየች ተናገረች። አቶ ኩሜዳ የከረጢቱን አፍ አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። ማሽኑ እኔው ጋ ይቆይ አሉ። ለልጃቸው በየማታው በጌሙ አናቱ ላይ እስካለው የድሮ ቤታችን ድረስ እየነዳሁ ነው ብለዋታል፤ መንጃ ፈቃዱን አስመለስኳቸው ብላ ማልቀሷን ያቆመችው ከዚያ ወዲህ ነው። «እንግዲህ እኔም ዋሽቻለሁ» አሉ ለራሳቸው።

አውቶቡሱ ቆመ። ደረጃው ላይ ሆነው እንደ ልማዳቸው ከሾፌሩ ራስ በላይ የተሰቀለውን የሾፌሩን ስም አነበቡ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«አትቅደጂው። ተራራው አይከፈትም ብለሽ ጨምሪበት፤ ከሥሩ ግን ስምሽን ጻፊ። የእኔ ስም ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ተሰቅሎ ነበር።»