ካልጋሪ ላይ የተዘረጋው የአልማዝ ካርታ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኤድመንተን

ከቤቴ የወጣሁት ሳይነጋ ነው። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የመጋቢት በረዶ ከመንገዱ ዳር ጠቁሮ ተከምሯል፤ የአውቶቡስ ጣቢያው ወለል በጨውና በጭቃ ተለውሷል። በከረጢቴ ውስጥ መነጽር፣ የደም ግፊት ኪኒንና ሁለት እስክሪብቶ አሉ። እስክሪብቶ ሁለት የያዝሁት የምሄደው ለመፈረም ስለሆነ ነው፤ ቢያንስ የተጠራሁት ለዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ፣ ስሟን ባልጠቅስ በምመርጣት አንዲት የአፍሪካ አገር፣ በሥነ ምድር ባለሙያነት ተቀጥሬ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ምናልባትም ሦስት። በአንድ ወንዝ አጠገብ ያለውን አልማዝ ያዘለ የጠጠር ሜዳ ካርታ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የዚያች አገር መንግሥት ካዝናው ተራቁቶ፣ ለመምህራንና ለነርሶች ደመወዝ መክፈል ተስኖት፣ ሜዳውን ለውጭ ባለሀብት ለመስጠት እዚህ ድረስ መጥቷል። የወንዙ ሰዎች ግን ሜዳው የአባቶቻችን ነው ብለው ይከራከራሉ። መንግሥት መሬቱ ባዶ ነበር ይላል፤ ማስረጃውም አንድም መንደር ያልተሣለበት የእኔ ካርታ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው የካልጋሪ ኩባንያ ደግሞ ካርታውን ያነሣው ሰው በሕይወት ካለ ቀርቦ ይፈርምልን ብሏል።

ባዶ ነበር? እውነቱን ለመናገር አላስታውስም። አስታውሳለሁ የምለውም ነገር ቆይቶ ከፎቶግራፍ ያገኘሁት ይሁን በዓይኔ ያየሁት መለየት ካቃተኝ ቆይቷል።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ሬድ ዲር

አውቶቡሱ ለሩብ ሰዓት ቆመ። ሜዳው ከአድማስ እስከ አድማስ የገለባ ቀለም ነው፤ የነዳጅ መሳቢያ ማሽኖች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። የሚንቀሳቀሱት ጥቂቶች ናቸው። ሾፌሩ፣ ሽበታም ረጅም ሰው፣ ቡናውን ይዞ አጠገቤ ቆመ።

«የነዳጅ ዋጋ ሳይወድቅ በፊት ከባድ መኪና እነዳ ነበር» አለኝ። «ነዳጅ ነበር የማመላልሰው።»

«ሰው ማመላለስ እንዴት ነው?»

«ይነጫነጫል። ግን መንገድ ላይ አይፈስም።»

ራሱ አልሳቀም። የሥራ መጥፋት ፌዙን ያልቀማው ሰው ደስ ይለኛል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ ዶቨር ሰፈር፣ ካልጋሪ

የተቀበለችኝ ሰናይት ናት። አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ስትማር የካርታ ሥራ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። በክፍሉ ውስጥ መስመር ስትስል ትንፋሽዋን የምትይዝ እርሷ ብቻ ነበረች፤ ይህን በእርግጠኝነት አስታውሳለሁ ማለት እችላለሁ። ካልጋሪ ውስጥ በአንድ የነዳጅ ድርጅት አሥራ ስድስት ዓመት ከሠራች በኋላ ከዓመት በፊት ከሥራ ተሰናብታለች።

ዝቅ ያለች አሮጌ ቤቷ ውስጥ ሽንኩርትና ቃሪያ የበዛበት ትኩስ ፉል አቀረበችልኝ። ግድግዳው ላይ የፍሬም ፎቶ አልነበረም፤ ራሷ የሠራችው የቦው ወንዝ ካርታ እንጂ። እንዲህ ያለ ንጹሕ የእጅ ሥራ ካየሁ ዘመን የለኝም።

«ሌይኦፍ ስሆን ስድስት ወር ይፈጃል ብዬ ነበር» አለች። «አሁን መጋዘን ውስጥ ፓርት ታይም ነኝ። ሳጥን ላይ ሌብል እለጥፋለሁ።»

«ይህ ኩባንያስ?»

«ዲሉ ከተፈረመ የሜዳውን ዳታ የምይዘው እኔ ነኝ ብለውኛል። ፉል ታይም።» ዳቦውን ወደ እኔ ገፋችው። «ጋሼ፣ ለእኔ ብለው እንዳይፈርሙ። ሳይፈርሙም እንዳይቀሩብኝ።»

«ሁለቱን እንዴት አድርጌ?»

«እርሶ አይደሉ እንዴ አስተማሪው?»

ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ መሐል ከተማ

ዲርፉት በተባለው አውራ መንገድ ወደ መሐል ከተማ ገባን። ከተራሮቹ የሚመጣው ሞቃት ነፋስ በአንድ ጠዋት በረዶውን እያቀለጠው ነበር። ሰናይት ሩቅ ፓርክ አድርጋ፣ ሕንፃን ከሕንፃ በሚያገናኙት በመስታወት የተሸፈኑ ድልድዮች ላይ በእግር አሻገረችኝ። ሥራቸውን አደንቃለሁ፤ ሰው እግሩን በረዶ ሳያስነካ ከተማውን ያቋርጣል። ይሁን እንጂ ከሁለት ፎቅ አንዱ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ «የሚከራይ» የሚል ማስታወቂያ በየመስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

የዚያች የአፍሪካ አገር ምክትል ሚኒስትር ቀድመውን ደርሰው ነበር። ለዚህ አገር ብርድ የማይመች ስስ ካፖርት የለበሱ፣ ቀጭን፣ ከስድሳ ያለፉ ሰው ናቸው። የሸሚዛቸው አንገትጌ አልደረቀም፤ ሌሊቱን ሆቴል ውስጥ ራሳቸው አጥበውት እንደ ነበር ሳይደብቁ ነገሩን። ካርታውን በቱቦ ጠቅልለው፣ በሁለት ቀን በረራ ከጭናቸው ሳያወርዱ ነው ያመጡት።

«ከእርስዎ በኋላ ያንን ሜዳ የለካልን የለም» አሉኝ በእንግሊዝኛ፤ እጄንም ሳይለቁ ቆዩ።

ካርታው ተዘረጋ። ከግርጌው የእኔ ፊርማ አለ፤ የወጣት ፊርማ፣ ጅራቱ የረዘመ። ከጠረጴዛው ማዶ የኩባንያው ኃላፊና የሕግ አማካሪው ተቀምጠዋል። አማካሪው «በጊዜው በሜዳው ላይ የሰው ሰፈራ አልነበረም» የሚለውን ወረቀት ወደ እኔ አንሸራተተው። እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በማላስታውሰው ነገር ላይ «እስከማስታውሰው ድረስ» የሚል ሐረግ አስገብቼ ልፈርም አስቤ እንደ ነበር አልክድም። ሐረጉ ክብሬን ይጠብቅልኛል፤ ሰናይትም ሥራዋን ታገኛለች።

ሰናይት ካርታው ላይ አጎንብሳ ነበር። ትንፋሽዋን ይዛለች።

«ጋሼ» አለች በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እነዚህ ሰማያዊ ክቦች የውኃ ጉድጓድ ናቸው አይደል?»

«አዎ። ጠጠሩን ለማጠብ ውኃ ያስፈልገን ነበር። ሰፈራችንንም አጠገባቸው እናደርግ ነበር።»

«የቆፈራችኋቸው እናንተ ናችሁ?»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። መሣሪያችን ወንፊትና አካፋ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን አናውቅም። ይህን ለማወቅ ማስታወስ አላስፈለገኝም፤ የእጅ ጽሑፌ በየክቡ አጠገብ ጥልቀቱን በሜትር ይናገራል።

«አይደለንም» አልሁ። «ደርሰን ያገኘናቸው ናቸው።»

ኃላፊው ምን እንደ ጠየቀችኝ ጠየቀ። በእንግሊዝኛ መልሼ ነገርሁት። ከዚያም ቀሪውን አስረዳሁ፤ ሳስረዳ ለራሴም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በዝናብ ወራት መኪኖቻችን በጭቃ ስለሚዋጡ የምንሠራው በበጋ ብቻ ነበር። በበጋ ደግሞ የሜዳው ወንዝ ስለሚደርቅ የአካባቢው ባለከብቶች ርቆ ወዳለው ትልቅ ወንዝ ይወርዳሉ። ጉድጓዶቹ ስለጠቀሙን በካርታው አሰፈርናቸው፤ የቆፈሯቸውን ሰዎች ግን በሌሉበት ስለመጣን ተውናቸው። የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ካርታውን ያነሣሁት እኔ ነኝና መጠየቅ የነበረብኝም እኔ ነበርሁ።

የሕግ አማካሪው ወረቀቱን በቀስታ ወደ ራሱ መለሰ። ኃላፊው፣ እንዲህ ከሆነ በዝናብ ወራት ጥናት ሳይደረግ ኩባንያው ሊገባበት እንደማይችል ተናገረ።

ምክትል ሚኒስትሩን ለማየት አፈርሁ። እርሳቸው ግን አንድ ነጭ ወረቀት አምጥተው ፊቴ አኖሩ።

«አሁን ያሉትን ይጻፉልኝ» አሉ። «ሰዎቹን ለማስነሣት ወታደር ልኬ፣ ሰው ሞቶ ከምሰማው ዛሬ ብሰማው ይሻላል።»

«ባዶ እጅዎን መመለስዎ ነው» አልኋቸው።

«ነርሶቹ ይቆጡኛል። ባይቆጡ ነው የሚገርመኝ።»

እኒህ ሰው የደረቀ ሸሚዝ ለብሰው ከመጡ ብዙ ባለሥልጣኖች ይበልጡብኛል። ጻፍሁላቸው፤ በሜዳው ላይ በሰው እጅ የተቆፈሩ አሥራ አንድ ጉድጓዶች እንዳገኘሁ፣ ባለቤቶቻቸውንም እንዳልጠየቅሁ። ፈረምሁ። ሰናይት ካርታውን በስልኳ ፎቶ አነሣችው፤ ማንም አልከለከላትም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ወደ ጣቢያው

«ለምን ጠየቅሽኝ?» አልኋት መኪናው ውስጥ።

«አየኋቸዋ።»

«ዝም ማለት ትችይ ነበር።»

«እርሶ ነዎት ያበላሹኝ። ካርታ ላይ ምክንያቱን የማታውቂው ምልክት ካለ ሥራው አላለቀም ይሉን ነበር።»

ይህን ማለቴን አላስታውስም። ብዬው ከነበረ ተማሪዬ ከእኔ የተሻለ ጠብቃዋለች።

«ሥራውስ?»

«ነገ መጋዘን እገባለሁ።» መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። «ዛሬ ማታ ግን አለቅሳለሁ ጋሼ፤ እንዳይደውሉልኝ።»

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ኤድመንተን

እንዳለችኝ አልደወልሁላትም። ከቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ከሰናይት የመጣ መልእክት ነው፤ የካርታው ፎቶ፣ በቀይ የተከበበ አንድ ቦታ፣ ከሥሩም ጽሑፍ።

«ጋሼ፣ ጉድጓዶቹ አሥራ ሁለት ናቸው። አንዱ እጥፋቱ ላይ ስለሆነ ቀለሙ ተልጧል፤ ጥልቀቱ ግን ይነበባል። ቃልዎን አስተካክለው ይጻፉ፣ ይፈርሙና የወረቀቱን ፎቶ ይላኩልኝ። ፕሪንት አድርጌ ጠዋት ምክትል ሚኒስትሩ ከመብረራቸው በፊት ኤርፖርት አደርስላቸዋለሁ። የነገው ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ነው።»

መነጽሬን አድርጌ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ልክ ናት። ካፖርቴን እንደ ለበስሁ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥሁና አዲስ ወረቀት ላይ «አሥራ ሁለት» ብዬ ጻፍሁ።