ላጲሶ የለካው ገመድ

ላጲሶ ኤርጫፎ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ነው። ቤቱ ጎሮ ነው፤ ወሎ ሰፈር ያለውን ባለ አሥራ አንድ ፎቅ ሕንፃ ሲንከባከብ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። በየወሩ ጣሪያው ላይ ወዳለው የማሽን ክፍል ይወጣና አሳንሰሩን የተሸከሙትን የብረት ገመዶች ውፍረት፣ በሁለት መንጋጋ ነክሶ በሚለካ ካሊፐር ለክቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። አንድም ወር ዘሎ አያውቅም።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ ብሩክታይት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ቀጠረ። እሷም የላጲሶን ቁጥሮች ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታ፣ ገመዶቹ መቼ ከሚፈቀደው በላይ እንደሚሳሱ የሚተነብይ ሞዴል ሠራች።

«ጋሽ ላጲሶ፣ ከሦስት ወር በላይ አይቆዩም» አለችው።

«ሦስት ወር? አንድ የተበጠሰ ሽቦ እንኳ የላቸውም እኮ!»

«ቁጥሮቹ የእርስዎ ናቸው።»

ገመዶቹ ተቀየሩ።

በማግስቱ አዲሶቹን ለካ። አሥራ ሦስት ሚሊሜትር መሆን ሲገባቸው አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ደግሞ ለካ፤ ያው። ገና አንድ ቀን የሠራ ገመድ እንዴት ይሳሳል? ደወለላት።

ብሩክታይት መጥታ ስትለካ እሷም ግራ ገባት። ካሊፐሩን ዜሮ ላይ ዘግታ ወደ መስኮቱ ስታነሳው ግን በመንጋጋዎቹ መሃል ብርሃን ሲያልፍ አየች። ገመድ የሚነክስበት ቦታ በዓመታት ብዛት ተበልቷል፤ ስለዚህ ገመዱን ከልኩ አሳንሶ ያሳያል።

ከአሮጌው ገመድ ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ አንስተው በሌላ ካሊፐር ለኩት። አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት! ገና ብዙ ይሠራ ነበር።

«ታዲያ የዘጠኝ ዓመት ጽሑፌ ውሸት ነው?»

«ውሸትማ አይደለም። ገመዱም ሳስቷል፣ ካሊፐሩም ተበልቷል። የትኛው ስንት እንደሆነ ግን መለየት አልችልም።»

«የመጀመሪያዎቹ ዓመታትስ?»

«እሱንም አላውቅም፣ ጋሽ ላጲሶ።»

የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ ደብተሩን ገለጠ። የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ግን ቁጥሩ የገመዱ ይሁን የካሊፐሩ ጠፋው። በዚሁ ካሊፐር ለክቶ አምና ያስቀየረው፣ ጉርድ ሾላ ያለ የሌላ ሕንፃ ገመድም ትዝ አለው። እሱስ በእርግጥ አልቆ ነበር?

አዲስ ካሊፐር ተገዛለት፤ ትክክል መሆኑን የሚፈትሽበት ልኩ የታወቀ ብረትም ተጨመረለት።

«ይሄ ብረት ራሱ ቢበላስ?» ሲል ጠየቃት።

ብሩክታይት ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

እስካሁን ለክቶ ከመጻፉ በፊት ይደውልላታል። ቁጥሩን ይነግራትና «ልጻፈው?» ይላል። እሷም አንዳንዴ «ብረቱንስ ለክተውታል?» ትለዋለች።