አባ ለአረጋሽ ሊለምኑላት የሄዱ ቀን

አረጋሽን በስደት የምንኖርበት የማላኪያ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃታል። ምግብ ቤቷ ገብቶ ሽሮ የበላ ሰው ሊነሳ ሲል፣ “ቁጭ በል፣ ፊትህ ገና አልጠገበም” ብላ ትጨምርለታለች። እኔ ሶሊ እባላለሁ፤ ከጎኗ ልብስ እሰፋለሁ። ብዙ አልተማርኩም፣ ግን የሷን ነገር ሌላ ሰው የሚጽፈው ስላልመሰለኝ ነው የጻፍኩት።

ደቡቡ ይገንጠል አይገንጠል ተብሎ ድምፅ የሚሰጥበት ሪፈረንደም ሊደርስ ባለበት ዓመት ሦስተኛ ልጇን አረገዘች። አረብኛ ከሷ ስለምሻል ሚሲዮን ሆስፒታል ይዣት የምሄደው እኔ ነበርኩ። የፊቶቹንም ሁለት ልጆች እዚያው በኦፕሬሽን ነው የወለደችው። ዶክተሩ አያትና፣ “ማህፀንሽ ሳስቷል። ከዚህ በኋላ ካረገዝሽ ሊቀደድ ይችላል፤ ልትሞቺ ትችያለሽ” አላት።

“እንግዲያው ሆዴን ስትከፍቱ ሁለተኛ እንዳላረግዝ በዚያው ቋጥሩልኛ” አለች። የወሊድ መከላከያውን መርፌ ሞክራ፣ ደም እያበዛባት ትታዋለች።

ዶክተሩ ሲስተሯን አያት። ሲስተሯ ሆስፒታሉን የምታስተዳድረው የካቶሊክ መነኩሴ ናት። “እሱን እዚህ አንሰራም፣ እምነታችን አይፈቅድም። ማሌሽ፣ ይቅርታ” አለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ የአረጋሽን እጅ ይዛ ነው ያለችው።

ቤት ስንመለስ ባሏ ከፍያለው፣ “እነሱም ክርስቲያን፣ እኛም ክርስቲያን። ነፍስ አባትሽ ከፈቀዱ ምን ይላሉ?” አለ። ለሁላችንም ልክ መሰለን። ነፍስ አባቷ አባ መልከጼዴቅ ሲነገራቸው፣ “እኔው ራሴ ሄጄ እለምናለሁ” አሉ።

በማግስቱ ሦስታችን በቦዳ ሞተሮች ሄድን። አባ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው ንፋሱ ጥምጥማቸውን እንዳይወስደው በአንድ እጃቸው ይዘውታል። ሲስተሯ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው፣ ወንበር አመጣች፣ ሻይ አስቀዳች። ጾም ስለነበር አልነኩትም።

“ይቺ ልጄ ናት” አሉኝ አረጋሽን እያሳዩ ወደኔ ዞረው። “ኃጢአት ከሆነ በኔ ይሁን፣ በያት።”

አልኳት። ሲስተሯ፣ “እግዚአብሔር ያክብርዎት። ግን የሚቋጥረው እጅ የኛ ነው” አለች። ከዛ ካምፓላ እንደሚሰሩት ነገረችን።

“ካምፓላ?” አለች አረጋሽ በአማርኛ። “ይሄን ሆድ ይዤ? ባስ ውስጥ ወልጄ ሾፌሩን ክርስትና አባት ላድርገው?” አባ አልሳቁም። እኔም አልተረጎምኩትም።

አባ ሲነሱ ሲስተሯ ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ያን ሳይ ፈቀደች ብዬ ነበር። አልፈቀደችም።

አረጋሽ ሴት ልጅ ወለደች። ኦፕሬሽኑም ደህና ሆነ፤ ሕፃኗን ያጠበቻት ሲስተሯ ናት። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። የሳሳውን እያየሁ፣ ጨርቁ እጄ ላይ ተከፍቶ እያለ፣ ዝም ብሎ መልሶ መግጠም አይሆንልኝም። ሲስተሯ እንዴት እንደሆነላት እስካሁን አላውቅም።

ከፍያለው ከዛ በኋላ ከሷ ተለይቶ ምግብ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ገጥሞ መተኛት ጀመረ። ጠዋት ቁርስ የሚበሉት፣ “ዘበኛ ሆንክ እንዴ?” ይሉታል።

“ሽሮውን እየጠበቅኩ ነው” ይላል።

ካምፓላ ሄዶ ማስቋጠሩ ሕፃኗ ጡት ስትተው ተባለ፣ ከዛ ሪፈረንደሙ ሲያልፍ ተባለ። ምግብ ቤቱን ማን ይያዘው? እሱም ሰው ነው፣ እሷም ሰው ናት።

ዝናብ ሲጀምር አንድ ጠዋት ቀሚሷን ይዛ መጣች። “ሶልዬ፣ ከወገቡ ልቀቂልኝ” አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። “ለማን ነገርሽ?” አልኳት።

“ላንቺ።”

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

“ሚሲዮን ትወስጂኛለሽ?” አለችኝ።

“እዚያው?”

“ሌላ የማውቀው የት አለ?”

ወሰድኳት። ሲስተሯ ከበሩ ላይ አወቀቻት፤ በስሟ ጠርታት ወንበር ልታመጣላት ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ሆዷን አየችና፣ ወንበሩን እንደያዘች ቆመች።