ያልፋቅኩት መስመር

አሰበ ተፈሪ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ ገበሬው በመንደር ይሰብሰብ በተባለበት ሰሞን ነው። ቀለም ብዕር ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። በክፍሉ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ወንዶቹ ይስቁብኛል፤ እኔ ደግሞ ደሜ ቶሎ ይፈላል።

አለቃዬ መስመሬን አየና «ትለምኚዋለሽ እንዴ? አስምሪው እንጂ» አለኝ። እውነቱን ነው። ጫር አድርጌ እየቆምኩ፣ ደግሞ እየቀጠልኩ ስለምሄድ መስመሬ ፀጉር ያበቀለ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ በተበላሹ ፕላኖች ጀርባ ላይ ያለማምደኝ ጀመር። ሁለት ነጥብ አኖራለሁ። ብዕሩን ሳላስነካ እጄን አየር ላይ ሁለት ሦስቴ አመላልሳለሁ። ከዚያ ትንፋሼን እያወጣሁ፣ ዓይኔን ብዕሩ ላይ ሳይሆን መድረሻው ነጥብ ላይ ተክዬ፣ ከትከሻዬ እስባለሁ። ወረቀቱ ጥቁር እስኪሆን በየቀኑ አሰመርኩ። ክረምቱ ሳይወጣ ወንዶቹ መሳቃቸውን ተዉ፤ እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የቦኬ አዲስ መንደር ፕላን ሲመጣ ዋናውን መንገድ የማስመሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። እዚያ ያሉት የገበሬዎቹ ቤቶች በእርሳስ ነጥብ ተመልክተዋል። አንዷ ነጥብ መንገዱ በሚያልፍበት ላይ ነች። አየኋት። ዓይኔን መድረሻው ላይ ተክዬ በአንድ ትንፋሽ ሳብኩት። አለቃዬ ሰው ጠርቶ አሳየልኝ። ከደስታ ብዛት ምሳ እንኳ አልበላሁም።

በሳምንቱ ለመንገዱ የተተከለውን ችካል ለማየት ቦኬ ሄድኩ። በችካሎቹ ላይ የተወጠረው ገመድ አንድ ጎጆ ግድግዳ ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ይቀጥላል። ደጃፉ ላይ የቆሙ አዛውንት «ያ ኢንተለ» ብለው ጠሩኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው።

«አራት እርምጃ ወደዚያ ብትሉት ምናለ? ሚስቴ የሞተችው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ማነው ይሄን መስመር ያወጣው?»

«ቢሮው ነው» አልኳቸው። በሥራዬ ያን ያህል ስኮራ የነበርኩት ሴትዮ፣ እኔ ነኝ ለማለት ወኔው አልነበረኝም።

ተመልሼ ለአለቃዬ ነገርኩት። «ፕላኑ ገና አልጸደቀም፣ ችካሉም ይነቀላል። ፋቂውና ትንሽ አጉብጪው፤ እፈርምልሻለሁ» አለና ምላጭ ሰጠኝ።

ብቻዬን ጠረጴዛው ላይ ቀረሁ። የተፋቀ ወረቀት ይሻክራል፤ ድጋሚ ሲያሰምሩበት ቀለሙ ይሰርጋል፤ ጠባሳው ለማንም ይታያል። እጇ ተንቀጠቀጠ ማለታቸው አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ምላጩን አስጠጋሁና መልሼ አነሳሁት። ያሳዘነኝ ግን መስመሩ ነበር፤ ሽማግሌው አልነበሩም። ይህን ሳስበው ዛሬም ፊቴን የምደብቅበት ይጠፋኛል። ምላጩን ለአለቃዬ መለስኩለት፤ እሱም ፕላኑን እንዳለ ፈረመበት።

አዛውንቱ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱት። መንገዱ አንዲት ጉብጠት የለውም።