የወንድሜ ስም

ባለፈው ሰኔ አዳማ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከምሥራቅ የመጣ አንድ የጭነት መኪና አጠገቤ ቆሞ ቢጫ ጀሪካኖች ሲያወርድ፣ በጭስ የታጠነ የግመል ወተት ድንገት ሸተተኝ። ግማሹ አመድ ግማሹ ቆዳ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሽታ ነው። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እንደቆምኩ፣ ያ ሁሉ ዓመት እንዳላለፈ፣ ጅጅጋ ጓሯችን ውስጥ ከበርሜል ቆርቆሮ ከተሠራው አጥር ሥር ያለሁ መሰለኝና ትከሻዬ በራሱ ጊዜ ተሸማቀቀ፤ ያ ሽታ ሲመጣ ከአጥሩ ማዶ የሆነ ነገር ይደፋብን ነበርና።

ማዶ የምትኖረው ወተት ሻጯ ኤዶ ኸድራ ነበረች። ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ሲሆን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲያ ብሎ ይጠራት ነበር፣ ለእኛ ግን የአክስት ፊት አሳይታን አታውቅም። ረጅምና ቀጭን፣ ስትናደድ ሻሿን እየፈታች መልሳ የምታስር ሴት ነበረች። ባሏ ቀድሞ ሞቶባት ዩሱፍ የሚባል ጎረምሳ ልጇንና የእኔን እኩያ ሂቦን ይዛ ትኖር ነበር። አባቴ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ጅጅጋ ውሃ ክፍል የተመደበ፣ ቀኑን ሙሉ የቧንቧ ቁልፍ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር፤ እናቴ የሺ ደግሞ ከሶማልኛ የገበያ ቃላት ብቻ ነበር የምታውቀው። ሁለቱ ሴቶች ከሶማሊያው ጦርነት በፊት ወዳጅም ጠላትም አልነበሩም፤ አንዷ ትሸጣለች፣ አንዷ ትገዛለች፣ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ዕቃ ተቀባብለው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ ከተማችን ደረሰ። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የመድፉ ድምፅ የድስት ክዳን እስኪያንቀጠቅጥ ሲቀርብ፣ አባቴ መኪና ፈልጎ ፍራሽና ዕቃ ጭኖ፣ ገና ያልታወቀ እርግዝና የያዘችውን እናቴን ከሹፌሩ አጠገብ አስቀምጦ፣ እኔን ፍራሹ ላይ ደግፎ፣ ካራማራን ተሻግረን ሐረር ገባን። የአባቴ ታናሽ ወንድም ብርሃኑ ወታደር ስለነበር ወደ ኋላ ቀረ፤ መኪናው ሲነሳ እየሮጠ መጥቶ የራሱን ኮዳ አቀበለኝና «ለእናትሽ ነው፣ አንቺ እንዳትጨርሺው!» ብሎኝ እየሳቀ ተመለሰ። በጋውን ሐረር አንዲት ክፍል ውስጥ ተፋፍገን ስናሳልፍ አባቴ ሬዲዮኑ ላይ ተደፍቶ ይውል ነበር። ካራማራ ነፃ መውጣቱና አጎቴ እዚያው መውደቁ የተሰማው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ እልልታው፣ ከዚያ ለቅሶው።

በልጉ ሲጀምር ተመለስን። ቤታችን ቆሟል፣ በር ግን አልነበረውም፤ መስኮቱም፣ አልጋውም፣ ቁም ሳጥኑም ተወስዷል። እናቴ ባዶውን ክፍል ዞር ዞር ብላ አይታ ወደ ጓሮ ወጣችና በአጥሩ ቀዳዳ ብትመለከት፣ አባቴ በገዛ እጁ አረንጓዴ የቀባው በራችን ኤዶ ኸድራ ቤት ላይ ተገጥሟል። የገፋ ሆዷን ይዛ በመንገዱ ዞራ ሄደች፣ እኔም ቀሚሷን ጨብጬ ተከተልኳት።

«ይኼ በር የኔ ነው» አለች እናቴ።

«ነበር» አለች ኤዶ ኸድራ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «እኔ ከገበያ ገዛሁት። የኔን በር ማን እንደወሰደው ደግሞ አንቺ ንገሪኝ።»

«ሌባ!»

«አላህ ያውቃል ሌባዋን። ሂጂ ከቤቴ።»

ያን ቀን ዩሱፍን አለማየታችንን እንኳ ልብ አላልንም። ኋላ ነው ከሰፈር የሰማነው፤ ከተማዋ እንደገና ከእጅ ወደ እጅ በገባችበት ቀን፣ ከየት እንደተተኮሰ ያልታወቀ ጥይት ደጁ ላይ መትቶት ሞቷል። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ለቅሶ ልትደርስ ነጠላዋን አነሳች፣ ከዚያ በሩ ትዝ ብሏት መሰለኝ መልሳ አስቀመጠችው።

በሚያዝያ ወንድሜ ተወለደ። አባቴ አራሷ ካለችበት ገብቶ ሕፃኑን አቅፎ ብዙ ሲያየው ከቆየ በኋላ «ድልነሳ ይባል። ብርሃኑ ያላየውን ድል እሱ በስሙ ይዞት ይኑር» አለና እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ሙሉውን ስም የሚጠራው ግን እሱ ብቻ ሆነ፣ እኛ «ድል» ማለት ለመድን። የሚጠባ ልጅ ጮኾ የሚጠራው ስለሌለ የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ። እግር ሲያወጣና ጓሮው ሲጠበው፣ የበጋው ነፋስ አቧራውን ሲያስነሳ፣ እናቴ ደጅ ቆማ «ድል! ድል! ና ግባ!» እያለች ትጣራ ጀመር፤ ከዚያ ቀን አንስቶ በተጣራች ቁጥር የወተት ዕቃ የታጠበበት ጭስ ጭስ የሚል ውሃ በአጥሩ ላይ እየተሻገረ ይደፋብን ነበር።

መጀመሪያ ሳታየን የደፋች መስሎን ነበር። ኋላ ግን ለይቶለት እናቴ «አንቺ ሴትዮ ዓይን የለሽም?» ስትላት «አንቺስ አፍሽን አትዘጊም?» የሚል መልስ ይመጣ ጀመር። እናቴም በፈንታዋ የዶሮ ላባና የሽንኩርት ልጣጭ ታሻግርላታለች፣ ወተትም ከሌላ ሰፈር ማስመጣት ጀመረች፣ እኔን ደግሞ ከሂቦ ጋር እንዳልጫወት ከለከለችኝ። ወንድሜ ምስኪኑ ስሙ ሲጠራ ከመሮጡ በፊት ወደ አጥሩ ጫፍ ቀና ብሎ ማየት ለመደ። የሶማሌን ሴቶች እንደ ሂቦ ያሉ ልጆቻቸው ከብበዋቸው በየመንገዱ ስናገኛቸው፣ አባቴ ልጁን ስሙን እየጠራ ሲያጫውተው፣ ወሬያቸውን አቁመው በጎን ያዩን ነበር። የናቁን ይመስለን ነበር፤ እኛም እንንቃቸው ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ ትምህርት ቤት ነው፣ ለአብዮት በዓል ሰልፍ ስንለማመድ። እኔ መፈክር አሰሚ ነበርኩና «ድል ለሰፊው ሕዝብ!» ስል ሁሉም እጁን እያነሳ ይቀበላል፣ ሂቦ ግን አፏን ዘግታ ትቆማለች። ደጋግሜ ብጮኽባት አሻፈረኝ ስላለች ከሰልፉ ወጥቼ ገፋኋት፣ እሷም ጠጉሬን ያዘች። ሰልፉን የሚጠብቁት የሒሳብ መምህራችን፣ አማርኛ እየተንተባተቡ የሚናገሩ ህንዳዊ፣ መሐላችን ገብተው ለያዩን።

«አልልም!» አለች ሂቦ እያለቀሰች። «ዩሱፍ ሲሞት መኪና ላይ የነበሩት ሰዎች ድል ድል ይሉ ነበር። እናቴ ሰምታለች። በኛ ቋንቋ ግደል ማለት ነው! ግደል፣ ግደል እያላችሁ ነው የምትጮሁት!»

«ማሸነፍ ነው!» አልኳት።

«ግደል ነው!»

መምህሩ ግራ ተጋብተው አንዴ እኔን አንዴ እሷን ሲያዩ ቆዩና ቃሉን ራሳቸው ቀስ ብለው አሉት። ከዚያ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ፣ ልባቸው ላይ አሳርፈው «በእኔ አገር ድል፣ ይኼ ነው» አሉን። ፈገግ ብለው ነበር። እኔና ሂቦ እኩል አፈጠጥንባቸው፤ በዚያ ቀን ሁለታችን የተስማማንበት ነገር ቢኖር የመምህሩ ትርጉም ከንቱ መሆኑ ነበር።

ማታ ለአባቴ ስነግረው እንጀራውን መሶቡ ላይ መለሰ። «እነሱ ምንም ይበሉ ምን! እኔ ለልጄ ስም ያወጣሁት በራሴ ቋንቋ ነው፣ ለወንድሜ ነው ያወጣሁት። ደስ ካላላት ጆሮዋን ትድፈን» አለ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለስ ሆን ብሎ አጥሩ አጠገብ እየቆመ፣ ልጁ እግሩ ሥር እያለ እንኳ፣ «ድል! ድል!» እያለ ይጣራ ነበር። ከማዶ ውሃው ይመጣል፣ እሱም ልብሱ ርሶ እየሳቀ ይገባል፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። እናቴ ግን ነገሩን ከሰማች ወዲህ ስሙን ቀስ ብላ ነበር የምትጠራው።

ታኅሣሥ ላይ ለገና በግ ልንገዛ ከእናቴና ከወንድሜ ጋር ወደ ከብት ገበያ ወጣን። ቦምብ ይጣላል የሚል ወሬ ስለነበር ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ ተሸብሮ፣ ጠመንጃ ያነገቡ የአብዮት ጥበቃ ልጆች በገበያው ይዘዋወሩ፣ ከገጠር የመጡት ከብት ሻጮችም ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው በዓይናቸው ይከተሏቸው ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ የበግ ላት ስትዳብስ፣ እኔም ግመሎቹን ሳይ፣ ወንድሜ ከአጠገባችን ጠፋ። እናቴ ቀና አለች፣ ዞረች፣ ከዚያ ነጠላዋ መሬት ወድቆ ባለ በሌለ ድምፅዋ «ድል! ኧረ ድል!» እያለች በሰው መሐል መሮጥ ጀመረች። የቀበሌያችን ሁለት ጥበቃዎች አወቋትና ልጁን ሊፈልጉላት ጠመንጃቸውን እንደያዙ እየተከተሏት እነሱም «ድል! ድል!» እያሉ ይጮሁ ጀመር።

የገበያው ሰው ሁሉ ተነሳ። ሴቶች ልጆቻቸውን እያነሱ ሮጡ፣ ግመሎች ገመድ በጠሱ፣ በጎቹ እንደ ጎርፍ መጡብን፣ አቧራው ፀሐይዋን ሸፈናት። አንድ ሽማግሌ የሚሸሽበት ሲያጣ ዞሮ እናቴ ፊት ቆመና ዱላውን ከራሷ በላይ አነሳ፤ አንደኛው ጥበቃ ይህን ሲያይ ጠመንጃውን አቀባበለ።

ከወተት ሻጮቹ ረድፍ ኤዶ ኸድራ መጣች። ዕቃዋ ተደፍቶ ወተቱ ቀሚሷን አርሶታል። በሽማግሌውና በእናቴ መሐል ገብታ ሁለት እጆቿን ዘርግታ «ዋ መጋዕ! ዋ መጋዕ!» እያለች ጮኸች፤ ስም ነው፣ ስም ነው ማለቷ ነበር። ለጥበቃው ደግሞ በአማርኛ «አውርድ! አውርደው አንተ! ለሰውየው ልጇን ነው የምትጠራው ብዬዋለሁ!» አለችው። ሽማግሌው ዱላውን ሳያወርድ አንድ ነገር ጠየቃት፣ እሷም በአጭሩ መለሰችለት። «ለልጅ እንዲህ ያለ ስም ማን ያወጣል?» ሲላት «እብድ ያወጣል» እንዳለችው ሂቦ ናት ኋላ የተረጎመችልኝ። ዱላው ወረደ፣ ጠመንጃውም ወረደ።

እናቴ ድምፅዋ ተዘግቶ ትንፋሽ ብቻ ቀርቷት ነበር። ከሰዉ ማንም ልጁን ሊጠራ አልደፈረም። ኤዶ ኸድራ ሻሿን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ ከዚያ በዚያ በቀጭኑ ድምፅዋ «ድል!» ብላ ተጣራች። እየሄደች፣ በመኪኖቹ ሥር ጎንበስ እያለች፣ «ድል! ድል!» አለች። ሰዎቹ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ወንድሜ ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ ኋላ ወጣ፤ ያን ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ስለሚያውቀው ውሃ የሚደፋበት መስሎት ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር የወጣው። ጆሮውን ይዛ አምጥታ እናቴ እጅ ላይ አኖረችው።

«ያዢ» አለቻት። «ይህን ቃል ከዩሱፍ ወዲህ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሁለተኛ አታስጠሪኝ።»

«ኸድራ…» አለች እናቴ። የተደፋውን ዕቃ ልታነሳላት ጎንበስ ስትል ኤዶ ኸድራ እጇን ገፋ አደረገችው።

«ተዪው።»

ማታ እናቴ አባቴን ራቱን አስቀድማ አበላችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችውና «ብርሃኑን እኔም አለቅሰዋለሁ። እሷም የምታለቅሰው አላት። አንተ ወረቀት ላይ ድልነሳ በለው፣ እኔ ግን ደጅ ወጥቼ የምጠራው ስም እፈልጋለሁ» አለችው። አባቴ ተቆጣ፣ ተሸነፍን ማለት ነው ወይ አለ፣ ወጥቶ አጥሩ አጠገብ ብዙ ቆመና ሳይጣራ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት የቧንቧ ቁልፉን ይዞ ሊወጣ ደፉ ላይ ሲደርስ፣ እናቴ ከጓሮ «ብርሃኑ! ና ግባ፣ ብርዱን አታየውም?» ብላ ጠራች። ወንድሜ ማን እንደተጠራ አላወቀም፤ አባቴ ግን ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከእናቴ ጋር ለብዙ ጊዜ ሳይነጋገሩ ቆዩ፣ በመጨረሻ ግን እሱም በዚያው ስም ይጠራው ጀመር።

ከማዶ ውሃ መደፋቱ ቀረ። ሰላምታ ግን አልተጀመረም። እናቴ የበሩን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሳችም፣ ኤዶ ኸድራም አልመለሰችም። ከዓመታት በኋላ ከሶማሊያ የመጡ ስደተኞች ሐርተሼክ ሲሰፍሩ ንግዷን ወደዚያ አዙራ ሳምንቱን እዚያ እየዋለች ስትመለስ፣ ማዶ መብራት ሲታይ እናቴ «ገብታለች» ትል ነበር፣ ለማንም ሳይሆን። መንግሥት በተለወጠበት ግንቦት፣ ከብዙ የእኛ ዓይነት ቤተሰቦች ጋር ዕቃችንን ጭነን ስንወጣ ልትሰናበተን የመጣችው ሂቦ ብቻ ናት። «እናቴ ገበያ ናት» አለችን። ውሸቷን ነበር፤ ኤዶ ኸድራ ከጓሮ ስትስል ይሰማን ነበር። እናቴ መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ያን ሳል እያዳመጠች ሹፌሩን «ቆይ» አለችው፣ ትንሽ ቆየ፣ ማንም አልወጣም፣ ሄድን።

ዛሬ አዳማ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። አጥር የለንም፣ ጎረቤት ከጎረቤት አይጣላም፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁላችንም በፈገግታ እንተላለፋለን። ባለፈው እሑድ ፊት ለፊቴ ያለችው ሴት በሬን አንኳኳችና ልጄ ጠፋ፣ እባክሽ አብረሽኝ ፈልጊ አለችኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ደረጃውን ወረድኩ፣ ግቢው መሐል ደርሼ ልጣራ አፌን ከፈትኩ፤ ለዓመታት በር ለበር ኖረን ስሙን አላውቀውም ነበር።